ጢስ መውጫ አያጣም፤ ግን በየት በኩል?

የሰው ልጅ እሳትን በቁጥጥሩ ሥር ካዋለበት ዘመን ጀምሮ ጢስ የኑሮው ተከታይ ሆኖ ኖሯል። በአገራችን አነጋገር ትዳር መመሥረት ሦስት ጉልቻ መትከል ነው፤ ከጎረቤት ጣራ ላይ ጢስ ሲወጣ ማየትም የቤቱን ደኅንነት ማወቅ ነው። ጢስ የማይወጣበት ቤት ወይ ባለቤቱ የተሰደደበት፣ ወይም ረኀብ የገባበት ነው። ይህ ምልክት በወሎ ምድር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት 1966ንና 1977 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በነዚያ ዓመታት ከቆቦ እስከ ኮረም ባለው አገር ብዙ ጎጆዎች ጢስ አልባ የሆኑት ምድጃቸው ስለ ተሻሻለ አልነበረም፤ በጉልቻው ላይ የሚጣድ ስለ ጠፋ ነበር። ስለዚህ በራያ ምድር ስለ ጢስ ጎጂነት ለማስተማር የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ጢስ በዚህ ሕዝብ ዘንድ የጠላት ስም አለመሆኑ ነው።

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጣ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚያወጣውን ደጋ ትመለከታለች። እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉት ወንዞች ከደጋው ጎርፍና ደለል ተሸክመው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ደለሉ ለማሽላውና ለጤፉ ሲሳይ ነው፤ ሲደርቅ ግን በበጋው ነፋስ እየተነሣ አቧራ ይሆናል። ሜዳ ላይ የሚነሣውን ይህን አቧራ መንገደኛው ያየዋል፣ ያማርረዋል፣ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ሸፍኖ ያልፈዋል። በግድግዳና በክዳን ታጥሮ በቤት ውስጥ ስለሚኖረው አየር ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የአስም ሕመምተኛ አብዛኛውን ፈተና የሚቀበለው ግን ከዚሁ ከቤቱ አየር ነው።

በራያ ቤት ጢስ ብዙ ሥራ አለው። ለዘር የተመረጠው የማሽላ ራስ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ በጢስ የሚጠቁረው ነቀዝ እንዳይበላው ነው። የሣር ክዳኑ በጥላሸት የሚለበጠውም ተባይ ቶሎ እንዳይጨርሰው ነው። በወባማው ቆላ የማታ ጢስ ትንኝ ያርቃል ተብሎ ይታመናል። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፤ ዱበርቲዎች ተቀምጠው ሲመርቁ ከረከቦቱ አጠገብ ያለው ማጨሻ ጢሱን ሳያቋርጥ ይልካል። ሴቶችም ወይባ ይታጠናሉ፤ አራሷ ሰውነቷን ትጠግንበታለች፣ ሙሽራዋም መዓዛና ውበት ታገኝበታለች። እንግዲህ ጢስ በአንድ ጊዜ የዘር ጠባቂ፣ የክዳን ዘበኛ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የጸሎት መልእክተኛና የሴት ልጅ ጌጥ ነው። ይህን ሁሉ የያዘውን ባህል «ኋላ ቀር ልማድ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ለመጣል የሚሞክር መምህር ትምህርቱን ሳይጀምር ተማሪዎቹን ያጣል።

በዚያው ቤት ውስጥ ግን ሌላም የጢስ ታሪክ አለ። ከልጅነቷ ጀምራ በሦስት ጉልቻ ፊት ያደገችውን የራያ እናት ማሰብ ይቻላል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ እንጀራ ትጋግራለች። ማገዶዋ በበጋ የማሽላ አገዳና ኩበት፣ በክረምት ደግሞ ዝናም የነካው ጭራሮ ነው። ምጣዱ ሰፊ በመሆኑ እሳቱ ከሥሩ በእኩል እንዲዳረስ ደጋግማ ጎንበስ ትላለች፣ ትቆሰቁሳለች፣ እፍ ትላለች። እፍ ለማለት አስቀድማ የምትስበው አየር ከዚያው ከጢሱ ነው። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም በአንቀልባው ውስጥ ሆኖ ያንኑ አየር ይካፈላል፤ የርሱ ሳንባ ገና በማደግ ላይ ያለ፣ ትንፋሹም ከእናቱ ትንፋሽ የፈጠነ ነው። ጋገራው ሲያበቃ ዓይኗ ቀልቶ፣ ደረቷ ታፍኖ ትወጣለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሳሉ ይቀሰቅሳታል፤ ከደረቷ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይወጣል፤ መተኛት ስለማትችል ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣ ታነጋለች። ጎረቤት «ብርድ መትቷት ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሕመሙ ይተላለፋል ብሎ ፈርቶ ከርሷ ጋር በአንድ ስኒ ቡና መጠጣቱን ይተዋል። ያላገባች ልጅ ከሆነች ቤተ ሰቦቿ ሕመሟን ይደብቃሉ። የተደበቀ ሕመም ደግሞ ሐኪም አያገኝም።

አስም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ ርግማንም አይደለም። ወደ ሳንባ አየር የሚያስገቡት ቧንቧዎች በቀላሉ የሚቆጡ ሲሆኑ የሚከሠት፣ ለብዙ ጊዜ የሚቆይ ሕመም ነው። የተቆጣው ቧንቧ ውስጡ ያብጣል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታ ይበዛበታል፤ በዚህ ጊዜ አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ያፏጫል። አንድን ሰው ከሌላው ይልቅ ለዚህ ሕመም የሚያጋልጠው ምክንያት ከፊሉ ከትውልድ የሚወረስ፣ ከፊሉም ከአካባቢ የሚገኝ ነው። ሕመሙ ያለበትን ሰው በአንድ የተወሰነ ሌሊት የሚጥለው ቀስቃሽ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከአጠገቡ የሚገኝ ነው፤ የማገዶ ጢስ፣ የትምባሆ ጢስ፣ የኩራዝ ጥቀርሻ፣ ጠንካራ ሽታ፣ አቧራ፣ ሻጋታ፣ የእንስሳት ጠጉርና ላባ፣ በረሮ፣ በመኝታ ውስጥ የሚራቡ ከዓይን የተሠወሩ የአቧራ ነፍሳት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከትውልድ የመጣውን መለወጥ አይቻልም፤ ከአጠገብ ያለውን ግን ማራቅ ይቻላል። የሕዝብ ትምህርት ቦታ የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው።

የችግሩን ስፋት ለማመልከት ጥቂት አኀዞች ይበቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰዎች በአስም ሞተዋል። አብዛኛው ሞት የደረሰው መድኃኒትና ምርመራ እንደ ልብ በማይገኝባቸው ድኻ አገሮች ነው። ይኸው ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የሞቱትን ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል፤ ይህ ቁጥር የሳንባ ምችን፣ የልብን፣ የአንጎልንና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን ያጠቃልላል። በኢትዮጵያ የሚበዛው ቤተ ሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በሰብል ተረፈ ምርት ነው።

ስለ አስም በአገራችን የተደረገው ታዋቂ ጥናት ጅማንና በዙሪያዋ ያለውን ገጠር የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት የአስም ምልክት በገጠሩ እምብዛም ሳይሆን በከተማው ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ከዚያው ከጅማ የተገኘ ሌላ ጥናት በቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ሕመሞች መብዛት ጋር ተያይዞ መገኘቱን ገልጿል። ከነዚህ ጥናቶች ለራያ የሚሆን ትምህርት ይገኛል። አደጋው ከአባቶች በተወረሰው ጎጆ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ከከተማ ከሚመጣው አዲስ ኑሮ ጋር አብሮ የሚገባም አለ። ቆቦ እያደገች ያለች ከተማ እንደ መሆኗ ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ፤ በጓሮ ጉልቻው ይጨሳል፣ በሳሎን ስፖንጅ ፍራሽና ምንጣፍ ይነጠፋል፣ በጓዳ ደግሞ የተባይ መርዝ ይቀመጣል።

የቤቱ አሠራር መለወጥም ሳይታሰብ ያመጣው ነገር አለ። የሣር ክዳን፣ ምንም እንኳ ጢሱን ለጊዜው ቢያፍን፣ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ያሳልፈዋል፤ ማለዳ በሣር ጎጆ አናት ላይ እንደ ጉም ተንሳፎ የሚታየው ይኸው ነው። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ክዳኑ ዝናም አያሳልፍም፤ ጢስም አያሳልፍም። ቆርቆሮ ጥላሸት የሚጠብቀው ነገር ባለመሆኑ ጢሱ በድሮው ቤት ይሰጥ ከነበረው አገልግሎት አንዱ ቀርቷል፤ ትንኝን የመከላከሉንም ሥራ አጎበር ተረክቦታል። ጢሱ ግን ሥራውን ለቅቆ ከቤት አልወጣም። ሌባንና ጠላትን በመፍራት፣ ብርድንና የሰው ዓይንን በመሸሽ ያለ መስኮት መሥራት የተለመደበት ግድግዳ ደግሞ አዲሱን ክዳን ተሸክሞ እንደ ቀድሞው ቆሟል። በዚህ ዓይነት አዲሱ ቤት ከአሮጌው ይልቅ ጢስ የሚይዝ ይሆናል። «ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ መስኮት በሌለበት፣ ክዳኑም በተደፈነበት ቤት ጢሱ ያገኘው መውጫ ግን የእናትና የልጅ ሳንባ ሆኗል።

የቆቦና የአካባቢዋ ሕዝብ ጤናን አስመልክቶ ወደ ቤቱ የሚገባ እንግዳ ሲቀበል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ በኢትዮጵያ የወባ መከላከያ ሥራ በሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነበር። የዚያ ሥራ ዋነኛ መሣሪያ በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጭ ዲዲቲ ነበር። መርጫ ያነገተው ሠራተኛ ሲመጣ ባለቤቷ ዕቃዋን ወደ ደጅ ታወጣለች፤ ይረጫል፤ ዕቃው ይመለሳል። እንዲህ ያለው ዘዴ ከትንኝ ጋር ለሚደረግ ትግል ጠቅሟል፤ ጢስን ለመሰለ ነገር ግን አይሆንም። በጢስ ላይ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ጢሱን የምታነሣውም፣ የምትቀንሰውም፣ የምታስወጣውም የቤቱ ባለቤት ራሷ ናት፤ እርሷና ባሏ ሳያምኑበት ማንም ከውጭ መጥቶ ሊሠራላቸው አይችልም። ስለዚህ እዚህ ላይ መድኃኒቱ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም በዓመት አንድ ጊዜ ተረጭቶ የሚሄድ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የሚኖር መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰበው ጉባኤ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎትን ክፍሎች ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ስለ ዋና ዋና የጤና ችግሮችና መከላከያቸው ሕዝብን ማስተማርን ነበር፤ ከመድኃኒትም፣ ከክትባትም አስቀድሞ። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ምንም ይባል ምን፣ አንድ ነገር አስመስክሯል፤ ጎልማሳና አረጋዊ ሳይቀሩ መማር እንደሚችሉ፣ የዛፍ ጥላም የመማሪያ ክፍል ሊሆን እንደሚችል። ከዚያ በኋላ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን በመመደብ ትምህርቱን ከአደባባይ ወደ እያንዳንዱ ቤት ለማድረስ ተነሣ። ከ30,000 የሚበልጡ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው ተሰማሩ። ከሚያስተምሩት ውስጥ የጤናማ ቤት አያያዝ አንዱ ነው። የእነዚህ ወጣቶች ድካም ለክትባትና ለእናቶች ጤና ያስገኘው ፍሬ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በደረሰው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲጎዱም ሥራቸው በእጅጉ ተፈትኗል።

ታዲያ የጢሱ ትምህርት ለምን ሥር አልሰደደም? መልሱ በከፊል ትምህርቱ በተላከበት አድራሻ ላይ ይገኛል። በራያ መንደሮች እንዲህ ያለ ምልልስ ሊሰማ ይችላል።

«እማማ፣ ይህ ጢስ ደረትዎን እየጎዳዎት ነው። ቤትዎ መስኮት ያስፈልገዋል» ትላለች ወጣቷ የጤና ሠራተኛ።

«እውነትሽን ነው ልጄ» ይላሉ እናት፤ «ግን መስኮቱን ለኔ ትነግሪኛለሽን? ግድግዳውን ያቆመው እርሱ ነው። እርሱ ደግሞ አሁን ከበሬዎቹ ጋር እርሻ ላይ ነው። ማታ ሲመጣ አንቺ የለሽም።»

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የነገሩ ቁልፍ አለ። ጢሱን የምትተነፍሰው ሴቷ ናት፤ ጢሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍተው ወይም የሚደፍነው ግን ቤቱን የሚሠራው ወንድ ነው። ጎጆ የሚቆመው በጅጌ ነው፤ ግድግዳው በሚመረግበት ቀን ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲውል ስለ በሩ አቅጣጫ፣ ስለ ምሰሶው ቁመት፣ ስለ ቆርቆሮው ቁጥር ይመከራል። ስለ ጢሱ መውጫ ግን የሚጠይቅ የለም፤ በጢሱ ውስጥ የምትውለዋ በዚያን ጊዜ ለጅጌው ጠላና እንጀራ ስታቀርብ ከምክሩ ውጭ ናትና። ትምህርቱ ለጋጋሪዋ ብቻ ሲነገር ሸክሟ ላይ ሸክም ይጨምራል፤ ጢሱን መተንፈሷ ሳያንስ ጥፋተኛም ትሆናለች። «ለምን አታሻሽይም?» ትባላለች፤ ማሻሻያው ግን በእጇ አይደለም። ስለዚህ ስለ ቤት ውስጥ ጢስ የሚሰጥ ትምህርት ትክክለኛ ክፍሉ ወጥ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ጅጌው፣ ቅሬው፣ የገበያው ዳር፣ የአናጢውና የግንበኛው ደጃፍም ነው። አንድ ግንበኛ ቢያምን ሃያ ቤት መስኮት ይኖረዋል።

ስለ ምድጃም እንዲሁ ማሰብ ያሻል። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በሌላው ነገር ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ ግን ከፊሉ ብቻ ነው እውነቱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራው ምርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚዘጋጅ፣ እሳቱን ከቦ በምጣዱ ሥር የሚይዝ በመሆኑ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ለሚሆን ማገዶ ቁጠባ ያስገኛል። ለደን መትረፍና ለሴቷ ጀርባ መቅለል ትልቅ ነገር ነው። ማገዶ መቆጠብና ጢስን ከቤት ማስወጣት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ጢሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የማያስወጣ ምድጃ ያነሰውን ጢስ እዚያው ቤት ውስጥ ይተወዋል። የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያስረዳል። በጓቲማላ ደጋማ አገር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በተካሄደ ጥናት የጢስ ቧንቧ ያለው ምድጃ የተሠራላቸው ሴቶች የደረት ማፏጨት በግልጽ ቀንሶላቸዋል። በማላዊ ደግሞ ከ10,000 በላይ ሕፃናት በሚገኙባቸው ቤቶች የተሻሻለ ምድጃ ታድሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲገለጽ የሕፃናቱ የሳንባ ምች ሳይቀንስ ተገኘ፤ በዚያ አገር ከምድጃው ሌላ የቆሻሻ ማቃጠያው፣ ትምባሆውና ሌላውም ጢስ በቦታው ነበር። እንግዲህ ምድጃ ብቻውን አይበቃም፤ የሚበቃው ምድጃው፣ መስኮቱ፣ ማገዶውና ልማዱ አብረው ሲለወጡ ነው።

ምን ይማሩ የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከሚያስፈልገው ውስጥ ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። የራያ ሙቀት ራሱ አጋዥ ነው፤ በደጋ ብርድ ሰውን ከእሳት ጋር ሲያጉር በቆላ ግን ጋገራውን ወደ ዳስ ወይም ጎኑ ወደ ተከፈተ ወጥ ቤት ማውጣት ይቻላል። ወጥ ቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ ከበሩ ትይዩ መስኮት፣ ከምድጃው በላይም ቀዳዳ ይኑረው፤ ነፋስ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንጨቱ ተፈልጦ በፀሐይ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ከእሳቱ ጢሱ ይበልጣል። በጋገራ ሰዓት ሕፃኑ ከጀርባ ወርዶ ከታላቅ እኅቱ ወይም ከአባቱ ጋር ደጅ ይቆይ። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ አየር ያወጣልና በተዘጋ መኝታ ቤት አይደር። ኩራዝ በፀሐይ ብርሃን በሚሞላ መብራት ይተካ። ፍራሹ፣ አጎዛውና ጀንዲው በየጊዜው ለፀሐይ ይሰጣ፣ ይራገፍ፤ አንሶላው በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ወለሉ ሳይጠረግ ውሃ ይርከፍከፍበት፤ ሕመምተኛዋ በዚያ ጊዜ ከቤት ትውጣ። ዶሮው ከቆጡ፣ ፍየሉም ከመደቡ ሥር ወጥቶ የራሱ ጋጣ ይሠራለት። የነቀዝ መርዝ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይቀመጥ። ትምባሆም ከቤት ይውጣ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ከመኖሪያ ቤት ደጃፍ ወዲህ ያለውን ግን የሚጠብቀው የአባወራው ኅሊና ነው።

ስለ ዕጣኑና ስለ ወይባውስ? እዚህ ላይ መለየት የሚገባውን መለየት ያስፈልጋል። በዕለት ሥራ ሳቢያ ያለ ፈቃድ የሚተነፈሰው ጢስና ለክብር ተብሎ በፈቃድ የሚነሣው ጢስ በባህል ሚዛን አንድ አይደሉም፤ በተቆጣ የአየር ቧንቧ ላይ ግን ሁለቱም ጢስ ናቸው። ስለዚህ ባህሉን ማውገዝ ሳይሆን ሕመምተኛውን ማስታወስ ይበቃል። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ሲፈላ ዕጣኑ ምርቃቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት ሲጨስ ግን በጉባኤው መካከል ያለችውን ሕመምተኛ ያፍናታል። አስም ያለባት ሴት ከወይባው ብትቀር ከሴትነት ወግ እንደ ወጣች አይቆጠርባት። ይህን ከሐኪም ይልቅ ዱበርቲዎች ቢናገሩት ይሰማል፤ በመመረቅ የታወቀ አፍ ሲመክርም ይታመናልና።

ኪነ ጥበብ ሥራውን የሚያገኘው በዚህ ቦታ ነው። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር የሆነችው ወሎ ቁም ነገርን በዜማ መቀበል ታውቃለች። የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን በነበረበት ዘመን የአካባቢው ዜማና ጭፈራ ከመድረክ ወደ ሕዝብ ሲደርስ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ነገር ግን ለጤና ትምህርት የሚደረስ ዘፈንና ድራማ ብዙ ጊዜ አንድ ጉድለት ይታይበታል፤ ያላወቀች ሴት ትፈጠራለች፣ ያወቀ ሰው ይመጣል፣ ይነግራታል፣ ትለወጣለች። ይህ ሥዕል ሐሰት ነው። የራያ እናት ጢስ እንደሚጎዳት ከማንም በፊት ታውቃለች፤ ዓይኗና ደረቷ ነግረዋታል። የጎደለው ዕውቀቷ ሳይሆን አቅሟና በቤቱ አሠራር ላይ ያላት ድምፅ ነው። የድራማው ትግል መሆን ያለበት በጅጌው ምክር ላይ «መስኮቱስ?» ብላ የምትጠይቅ ሴትና መልስ የሚያጣ መንደር ነው። ሠዓሊውም ፖስተር ሲሠራ የባዕድ አገር ወጥ ቤት አይሣል፤ ዞብልን ከበስተ ኋላ፣ የማሽላውን ክምር ከጎን፣ መስኮት ያለውን የራያ ቤት ከፊት ያድርግ። ሰው የራሱን ደጃፍ ያላየበትን ሥዕል የራሴ ነው አይልም።

መምህሩ ደግሞ ከክፍሉ ሊጀምር ይችላል። ሲሮጥ የሚያፏጨውን ልጅ ሰነፍ ከማለት ይልቅ ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይምከር፤ የጠመኔውን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ያስጠርግ፤ ተማሪዎቹ የየቤታቸውን በርና መስኮት ቆጥረው እንዲያመጡ የቤት ሥራ ይስጥ። ያ ቆጠራ ማታ በየቤቱ አባትን የሚያናግር ጥያቄ ይሆናል። ካድሬው በበኩሉ የተሰበሰበውን ሰውና የታደለውን ምድጃ ቁጥር ከማስተላለፉ በፊት አንድ ነገር ይመርምር፤ ምድጃው እየነደደ ነው ወይስ የእህል ከረጢት መደርደሪያ ሆኗል? ቁጥሩ ለቢሮ ይበቃል፤ ለሳንባ ግን የሚበቃው የሚሠራበት ምድጃ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ቤትን ማጽዳት መድኃኒትን ይተካል ማለት አይደለም። አስም ያለበት ሰው ሐኪም ያዘዘለትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት መተው የለበትም። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ ብዙዎችን በአጉል ፍርሃት መድኃኒታቸውን አስጥሏል። እንደ ሳልቡታሞል ያለው የጠበበውን ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል፤ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው ደግሞ በየቀኑ ሲወሰድ ቁጣውን ራሱን ያበርዳል። በጠና የታፈነ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መድረስ አለበት። መድኃኒቱ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ዘወትር እንዲገኝ ማድረግም የሕዝቡ ሳይሆን የሹሙ ግዴታ ነው። ሕዝብ ቤቱን እንዲያሻሽል ሲጠየቅ መንግሥትም የራሱን ድርሻ እንዲወጣ መጠየቁ ተገቢ ነው።

በመጨረሻ ጢሱን ከሥሩ የሚነቅለው ከጢስ የጸዳ ማገዶ እንደሚሆን አያጠራጥርም። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ መመረቁ የኤሌክትሪክ ምጣድን ተስፋ ለብዙዎች አቅርቧል። ግን በግድቡና በራያ ገጠር ምጣድ መካከል ገና ብዙ ምሰሶ፣ ብዙ ሽቦና ብዙ ወጪ አለ። ያ እስኪሆን ድረስ የሚወለዱት ሕፃናት ጢሱን እየተነፈሱ ሊጠብቁ አይገባም፤ መስኮት ለመክፈት ግድብ አያስፈልግም። ጢስ ያገኘውን መንገድ ተከትሎ ይወጣል፤ መንገዱ በግድግዳው መስኮት በኩል ይሁን ወይስ በሕፃኑ ሳንባ በኩል የሚለውን የሚወስኑት ግን ጎጆውን ለማቆም በጅጌ የተሰበሰቡት ሰዎች ናቸው፤ እርሷም በመካከላቸው ተቀምጣ ስትመክር።